ከሽሮ ሜዳ ላ ፓዝ በአንድ ትንፋሽ

ዕቁብ ሲወጣልኝ ፍሪጅ እንደምገዛ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እህቶቼ ቀለሙን መርጠው፣ የሚቆምበትን ጥግ እንኳ ጠርገው ጨርሰዋል። እኔ ግን የገዛሁት የአውሮፕላን ቲኬትና ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል ሻንጣ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሻንጣውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው «ልጅቷን አሟታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ እንደሚከተለኝ ያኔ አላወቅኩም።

ስሜ ብዙነሽ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ነጠላውን የሚሸምነው አባዬ ነው። በጎልማሳነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ፣ ጓሯችን ባለችው ክፍል ወለሉን ቆፍሮ የሽመና ዕቃውን ተከለ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ ቁጭ ይልና ከታች መርገጫውን እየረገጠ ከላይ መወርወሪያውን ግራና ቀኝ ይወረውራል። እኔ ያደግኩት በዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። አፋፉ ላይ ብቻ። በእኛ ቤት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ አለቀ። አሁን አሁን ተደራጅተው የሚሸምኑ ሴቶች እንዳሉ ይወራል፤ አባዬ ግን «ይወራል» የሚባል ነገር አይወድም።

አባዬ ወንድ ልጅ የለውም፤ ሦስት ሴቶች ነን። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው «ከፋሲካ በኋላ ጉድጓዱን በሲሚንቶ እንደፍንና ክፍሏን እናከራያታለን» አለ። ሁለት ቀን እህል አልበላልህ አለኝ። በሦስተኛው ቀን እንደምንም ተደፋፍሬ «አባዬ፣ እኔ ልግባበት?» አልኩት። ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የት አገር ነው ሴት ስትሸምን ያየሽው?» አለኝ።

መልሱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በራሱ እግር ሱቄ ድረስ መጣ። ካርላ የምትባል፣ ሻንጣ ያዘለች የቦሊቪያ ልጅ ነጠላ ልትገዛ ገብታ፣ ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች «አክስቴም ትሸምናለች» አለችኝና በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ባርኔጣ የደፉ አንዲት ሴትዮ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይሸምናሉ። ፎቶውን አስልኬ ወደ አባዬ በረርኩ። መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ለፎቶ ተቀምጣ ነው» አለ።

«እሺ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ሠርቼ ባመጣስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

ቦሊቪያ የት እንደሆነች ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አፉን አያላቅቅም ነበር። ካርላ ላ ፓዝ ከተማ ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ ሌላ አክስት እንዳሏት፣ እሳቸውም ወደ ሸማኔዋ እህታቸው ሊወስዱኝ እንደሚችሉ ነግራኝ አድራሻቸውን ሰጠችኝ። ፍሪጁ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገድ ላይ

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተነሳሁ። ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ሰው «ብዙነሽ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?» አለኝ።

«አንድ» አልኩት።

ብራዚል ላይ አውሮፕላን ስቀይር አንድ ጠባቂ ሻንጣዬን ከፍቶ እህቴ በላስቲክ ጠቅልላ የሰጠችኝን በሶ አወጣ። በሶ እንግዲህ ዱቄት ነው። በዚያ አህጉር ዱቄት ጠቅልሎ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ሌሎች ሦስት ጠባቂዎችና አንድ ውሻ ሲጨመሩ ነው። ውሻው አሸተተና አነጠሰው። «ምግብ ነው» አልኳቸው በሱቅ እንግሊዝኛዬ፤ አላመኑኝም። ውሃና ብርጭቆ ለምኜ እፊታቸው በጥብጬ ጭልጥ አደረግኩት። አራቱም ክንዳቸውን አጣጥፈው ምን እንደምሆን መጠበቅ ያዙ። ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ጠገብኩ። በመጨረሻ ታናሽየው በጣቱ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ከዚያ ለጓደኛው አቀበለው። በሶዬ ተመለሰልኝ፤ ሩቡ ግን እዚያው ቀርቷል።

አንደኛ ቀን

አውሮፕላኑ ያረፈው ከላ ፓዝ ከተማ በላይ፣ ኤል አልቶ በሚባል ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ በታክሲ ቁልቁል ይወረዳል። ከተማዋ ጎድጓዳ ገበቴ ውስጥ እንደተደፋ ቆሎ ነች፤ እኔ ያረፍኩበት ሮሳሪዮ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የገበቴው ጎን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወደ ቁስቋም የሚወጣውን አቀበት የሚያውቅ ሰው ሮሳሪዮን አየ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አቀበቱ ሁሉ ላይ ገበያ መዘርጋቱ ነው። ካርላ «የእናንተ እንጦጦ ጫፉ ከዚህ ሰፈር ዝቅ ይላል፤ አየሩ ስስ ነውና እንዳያምሽ» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። እንጦጦ ሥር ተወልዶ ከፍታ የሚፈራ የለም ብዬ ናቅኩት።

ዶኛ ኤልቪራ በር ላይ ጠበቁኝ። «ዶኛ» እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ሁለት ረጃጅም ሹሩባ ወደ ኋላ የለቀቁ ሴት ናቸው፤ ቀሚሳቸው ብዙ ድርብ አለው፤ ባርኔጣቸው ለራሳቸው ታንሳለች፣ ግን አትወድቅም። ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ተከናንቤያለሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና በስፓኒሽ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ስልኬ ላይ ያለው ተርጓሚ «መተንፈስ ትችላለህ?» አለ። ይህ ስልክ ሴት መሆኔን እስከ ስድስተኛው ቀን አላመነም።

አዎ አልኳቸው። ቃል አላወጣሁም፤ እኛ ሁላችን እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ እንጂ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ሻንጣዬን ከጀርባዬ መንጭቀው ክንዴን ይዘው እየሮጡ አልጋ ላይ አስተኙኝና ቅጠል የተዘፈቀበት ትኩስ ሻይ አመጡ። የኮካ ቅጠል ነው አሉ፤ ለከፍታ በሽታ አገሬው ሁሉ የሚጠጣው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጫት ላይ የሚሰጡት ትምህርት ትዝ አለኝና ተጨነቅኩ። በኋላ «ጌታ ሆይ፣ እንግድነት ነው» ብዬ ጠጣሁት። ጣዕሙ የእንስላል ቢጤ ነው።

«ተሻለህ?» አሉ ዶኛ ኤልቪራ በስልኬ አፍ።

ቅር እንዳይላቸው ጠንከር አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግኩ። ሁለተኛ ሲኒ መጣ። እስኪመሽ ድረስ «ተሻለህ?» ባሉኝ ቁጥር ደህና መሆኔን ባረጋገጥኩ መጠን ሻዩ እየበዛ ሄደ። የላ ፓዝ የመጀመሪያ ቀኔ በአልጋና በሽንት ቤት መካከል አለፈ።

ሁለተኛ ቀን

ጠዋት «እህትዎ ጋ መቼ እንሄዳለን?» አልኳቸው። እህታቸው ዶኛ ባሲሊያ የሚኖሩት ላይ፣ ኤል አልቶ ነው። «ሲሻልህ» አሉ። ይልቅ በዝግታ ገበያውን እናያለን ብለው ክንዴን ቆልፈው ወጡ። በየአሥር እርምጃው ያቆሙኛል። መቼም እውነት እንናገር ከተባለ ደረጃው ትንፋሼን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገው ነበር፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነው ነገሩ። ግን ከዚያ ያለፈ አልነበረም፤ ሽሮ ሜዳ ጭነት ተሸክሜ ስወጣም እንዲያ እሆናለሁ።

ገበያው! የእኛ አዲሱ ገበያ በበዓል ዋዜማ ሲተራመስ፣ እዚያ ላይ ሙዚቃ ጨምሩበት። አንዷ ሴትዮ ድንች ብቻ ትሸጣለች፤ ድንቹ ግን ሐምራዊ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ጠጠር የመሰለም አለ። ጠጠሩ ቹኞ ይባላል፤ ውርጭ ላይ አስጥተው፣ በእግራቸው ረግጠው ያደረቁት ድንች ነው። ለመሳቅ ከጅሎኝ ነበር። በኋላ ቆጮ ቀብረን የምንበላ ሰዎች መሆናችን ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። የሚያጣቅሱበት ላኸዋ የሚባል ማጣቀሻ ደግሞ ዳጣ ነው፤ ቁርጥ የእኛ ዳጣ። ሦስት ማንኪያ ስልስ ዶኛ ኤልቪራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተመለከቱኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አቃጠለህ?»

ሳብ አደረግኩ። ውሃ፣ ዳቦ፣ ሻይ፣ ሌላ ሻይ።

ታክሲያቸው እንደ እኛው ሚኒባስ ነው፤ ወያላም አለው። ሴት ወያላ ናት፤ በመስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ የሰፈር ስም እንደ ዜማ ትደረድራለች። ቋንቋውን ባላውቅም «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለች ስትዋሽ ገባኝ፤ ውስጥ አራት ሰው የሚይዝ ባዶ ቦታ ነበር። መንገድ ልንሻገር ስንል ደግሞ የሜዳ አህያ መጣ። ሁለት እግር ያለው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ የሜዳ አህያ መኪናዎቹን በእጁ አስቁሞ ጎንበስ ብሎ «እለፉ» አለን። ለካ እግረኛ የሚያሻግሩ ወጣቶች እንዲያ ይለብሳሉ። የአገሬ ሰው ዜብራ ላይ ቀለሙን እንኳ አያከብርም፤ እነሱ አህያውን ራሱን አቁመውታል። በሳቅ ፈረስኩ፤ ትንፋሼም ተቆራረጠ። ዶኛ ኤልቪራ ወዲያው ቤት መለሱኝ።

ሦስተኛ ቀን

ሰፈሩ ሁሉ መታመሜን ሰምቶ ነቃሁ። ጎረቤት ያለች ነርስ መጥታ ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ ሰካችልኝ። ቁጥሩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ደህና ናት አለች። ዶኛ ኤልቪራ አላመኑም።

«ራስህን ጠይቀው» አሉ በስልኬ። ተርጓሚው ምን ማለታቸው እንደሆነ አላወቀም፤ እኔ ግን «ራሷን ጠይቂያት» እንዳሏት ገባኝ። ነርሷም በርኅራኄ ዓይን እያየችኝ «ደህና ነህ?» አለች።

ሳብ።

ነርሷ መለኪያውን ከጣቴ ነቅላ አራገፈችው፤ ነካ ነካ አድርጋ የራሷ ጣት ላይ ሞከረችው። ከዚያ ወጥታ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች የሚሸከሙት የኦክስጅን ሲሊንደር ከጎረቤት እንግዳ ማረፊያ አስመጣች። «ይደረግልህ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ሰው ለፍቶ ያመጣልኝን «አልፈልግም» ማለት አላውቅም። ሳብ አደረግኩ። ጭምብሉን አጠለቁልኝ።

እዚያ ተኝቼ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ሆዴ ባባ። ዓለምን ዞሬ መጥቼ ሸማኔዋ ከራሴ በላይ፣ ኤል አልቶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ቦታ ተቀምጠው፣ እኔ እንደ ታማሚ ተጋድሜያለሁ። የመመለሻ ቀኔ ቀርቧል። ሽሮ ሜዳ ፋሲካ እየመጣ ነው። ደህና መሆኔን ከዚህ በላይ በምን እንደማስረዳ ጠፋኝና ጭምብሉ ውስጥ አለቀስኩ። ዶኛ ኤልቪራ ኦክስጅኑን ከፍ አደረጉት።

በእርግጥ ደግነታቸውን መናገር አለብኝ። የገዛ ልጃቸውን አልጋ ለቀውልኛል፤ ከስሬ ወንበር አድርገው ሹራብ እየሠሩ ይጠብቁኛል፤ ማታ ማታ የለውዝ ሾርባ በማንኪያ አጉርሰውኛል። ጉርሻ የኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ሮሳሪዮ ሄዶ ይታመም።

አራተኛ ቀን

ጠዋት ከቁርስ በኋላ አባዬ በቪዲዮ ደወለ። በእኛ ከሰዓት በኋላ ነው። እህቴ ስልኩን ይዛለታለች፤ እሱ እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ትቶ ግንባሩን ብቻ ያሳያል። ዶኛ ኤልቪራ ከኋላዬ ሳህን እያጠቡ ነበር።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

ትንፋሹን ሳብ።

«ጉልበትህ ተሻለው?»

ሳብ።

«መድኃኒቱን ትወስዳለህ?»

ሳብ፣ ሳብ።

ከኋላዬ የሳህን መሰበር ሰማሁ። ልዞር ስል አባዬ «እህስ፣ ሴቶቹ ይሸምናሉ?» አለ።

«ገና አላየሁም አባዬ። ሲሚንቶው መጣ እንዴ?»

ትንፋሹን በዝግታ ሳብ አደረገ። ሌሎቹን ሰምቼ አለፍኳቸው፤ ይቺኛዋ ግን ሆዴ ገባች።

በዚህ መሃል ዶኛ ኤልቪራ «አባቷም! አባቷም!» የሚል ጩኸት አሰምተው፣ ሲሊንደሩን እያንከባለሉ መጥተው ጭምብሉን ስልኩ ላይ፣ አባዬ አፍ ይሆናል ብለው የገመቱት ቦታ ላይ ለጠፉት።

«ማናት ይቺ ሴትዮ?» አለ አባዬ። «ቧንቧ ለምን ታሳየኛለች?»

ያኔ በራልኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስተነፍሰው የኖርኩት ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገና በራልኝ። ስልኩን ዘግቼ ዶኛ ኤልቪራን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ፤ በተርጓሚውም «ይህ በሽታ አይደለም፣ ይህ በአገሬ አዎ ማለት ነው» አስባልኩት። ሦስት ጊዜ ደግሜ አሳየኋቸው።

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «መጀመሪያ ቀን መተንፈስ ትችላለህ ስልህ?»

«አዎ ማለቴ ነበር።»

«ተሻለህ ስልህ?»

«አዎ ማለቴ ነበር።»

«ኦክስጅን ይደረግልህ ስልህስ?»

«እሱንም አዎ ብያለሁ። በትህትና።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ባርኔጣቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀች። ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ እንባቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ መተንፈስ አቅቷቸው ጭምብሉን ራሳቸው አጠለቁት። ነርሷ ተጠራች፣ እሷም ሳቀች፤ እስኪመሽ የሮሳሪዮ ባለ ሱቅ ሁሉ በር ላይ ሳልፍ ትንፋሹን እየሳበ ሰላም ይለኝ ጀመር።

አምስተኛና ስድስተኛ ቀን

ወደ ኤል አልቶ የወጣነው በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ሳጥን ነው። ሰው ከጣሪያዎችና ከተሰጡ አንሶላዎች በላይ ቁጭ ብሎ ይንሳፈፋል። ከዊንጌት እንጦጦ እንዲህ ያለ ነገር ቢዘረጋ ብዬ አሰብኩ፤ የታክሲ ሰልፉ ቀርቶ የገመዱ ሰልፍ ይሆን ነበር።

ዶኛ ባሲሊያ ከእህታቸው ያጠሩና የኮስተሩ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አራት ካስማ መሬት ላይ ተተክሎ ድሩ በመካከሉ ተወጥሯል፤ እሳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጉድጓድ የለ፣ መርገጫ የለ፣ በጣታቸው ድሩን እየመረጡ ያነሳሉ። በእኛ ጥለቱን የሚያወጣው ማጉ ነው፤ እዚህ ግን ድሩ ራሱ ነው። ክሩን የሚያጠባብቁት ከእጅ ብዛት በለዘበ፣ ላማ በሚባለው አንገተ ረጅም የአገሬው እንስሳ አጥንት ነው። ቆሜ አየሁ። ለፎቶ አልተቀመጡም።

የሚናገሩት አይማራ የሚባለውን የአገሬውን ቋንቋ ነው። ዶኛ ኤልቪራ ወደ ስፓኒሽ ይመልሱታል፣ ስልኬ ወደ አማርኛ፤ ቃሉ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ እኔ ጋ ሲደርስ በስብሷል። አጠገባቸው አስቀምጠው ክሩን አስያዙኝና በጣቴ ጫፍ ብቻ ስነካው አይተው አንድ ነገር አሉ። ስልኩ «ክሩን አትፍራ፤ ክሩ ባልህ አይደለም» አለ።

«አባትህ ነው ያስተማረህ?» አሉ ቀጥለው።

«አባቴ ይሸምናል እንጂ አላስተማረኝም» አልኩ።

ዶኛ ባሲሊያ እጃቸውን አቆሙ። «ወንድ? ጥለት?» ወንዶች በእግር በሚረገጥ ዕቃ ልሙጥ ጨርቅ ሲሠሩ አይተዋል፤ ጥለት ግን ወንድ አይችልም አሉ፤ መቁጠር ይጠይቃላ። አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጥለት ሲሠራ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ለፎቶ ተቀምጦ ነው» አሉ።

ሳቄን ማቆም አቃተኝ። በዓለም ጫፍና ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ግትር ሰው ተቀምጧል፤ በመካከሉ የምመላለሰው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ስሳሳት በላማው አጥንት እጄን ይሉኛል። ጠዋቱን ሙሉ ፈታሁ፣ ሠራሁ፣ ፈታሁ። ከሰዓት በኋላ ግን እጄ አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አፋፉ ላይ ተቀምጬ አባዬ ሲሸምን እጁን ሳይ የኖርኩ ነኝ፤ ዓይኔ የተማረውን እጄ ሳይነካው ሠላሳ ዓመት አልፏል። የመጀመሪያዋ መስመር ቀጥ ብላ ስትወጣ ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ቁጭትም ነበር። ዶኛ ባሲሊያ ወደ ኮካ ከረጢታቸው እጃቸውን ሲሰዱ ዶኛ ኤልቪራ ያዟቸው።

«ተያት» አሉ። «ይሄኛው የትንፋሽ አይደለም።»

በስድስተኛው ቀን ወፍ ሠራሁ። ክንዴን የምታህል ቁራጭ ጨርቅ ላይ በቀይና በጥቁር የቆመች ወፍ ናት። ስጨርስ አየኋት፤ ሦስት እግር አላት።  ልፈታ ክሩን ስይዝ አጥንቱ እጄ ላይ አረፈ።

«ተይው» አሉ ዶኛ ባሲሊያ። «እኔ ብሠራው ሁለት እግር ነበር የሚኖረው። አባትሽ ሦስተኛውን ሲያይ ያንቺ መሆኑን ያውቃል።»

ይህን ስልኩ እንዴት እንዲህ አጥርቶ እንደተረጎመው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሰባተኛ ቀን

ዶኛ ኤልቪራ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኙኝ። ጋቢዬን ለሳቸው ትቼላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የሰፈር ሰው ሁሉ ያዋጣው ሙሉ ከረጢት የኮካ ቅጠል ሰጡኝ። ይህን ይዤ ብራዚል ላይ ያን ጠባቂና ያን ውሻ ላገኛቸው ነው ብዬ አሰብኩና ከረጢቱን በፍቅር መለስኩላቸው። «ትመለሻለሽ?» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ስልክ አላስፈለገንም። ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ፤ እሳቸውም ሳብ አደረጉ፤ ተቃቅፈን ተላቀስን።

ሽሮ ሜዳ

በራችን ላይ አሸዋ ተቆልሏል። በረንዳው ላይ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። ሻንጣዬን ሳላወርድ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። አባዬ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እዚያ ተቀምጦ ያየሁት። ሰላምታው እንዳለቀ ጨርቁን ሰጠሁት።

ሸማኔ ጨርቅ ሲሰጡት ፊቱን አያይም፤ ገልብጦ ጀርባውን ነው የሚያየው። ገለበጠ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጎተት አደረገ።

«ሴትዮዋ ጎበዝ ናት» አለ። «ከገበያ ነው የገዛሽው?»

«ፊቱንም እየው» አልኩት።  አባዬ ጨርቁን ወደ ፊቱ መልሶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ጣቱ ወፏ ላይ ሄደና ቆመ። ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። አንድ። ሁለት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና ቆጠረ።

«ይቺ ወፍ ሦስት እግር አላት።»

«አዎ አባዬ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይሸጥም» አለ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ጋ አንድ ድር ዘለሽ ነው፤ ከዚያ ልትመልሺው ስትይ ደገምሽው» አለኝ። አባዬ በዕድሜዬ ሙሉ ስለ ነጠላ ዋጋ፣ ስለ ፈትል፣ ስለ ደንበኛ አውርቶኛል፤ ስለ ድር ግን አውርቶኝ አያውቅም።



«አባዬ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ልግባ?»

አባዬ አልሳቀም። ጨርቁን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ውጪ የተቆለለውን አሸዋ በበሩ በኩል አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ዶኛ ኤልቪራ ቢኖሩ ኖሮ ኦክስጅኑን እያንከባለሉ ይመጡ ነበር። እኔ ጫማዬን አወለቅኩ።